ሥራ ሲታጣ ጤና እንዳይታጣ

ሥራ ያጣ ሰው ጤናው በአንድ ጀንበር አይበላሽም። መጀመሪያ የሚሄደው የቀኑ ሥርዓት ነው። የመነሻ ሰዓት ይጠፋል። ቁርስ ከምሳ ይቀላቀላል። ቀን የተኛ ሰው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ቀስ ብሎ ደግሞ ለመድኃኒት የሚወጣው ብር «ለሚቀጥለው ወር ይቆይ» ይባላል። ሐኪም ዘንድ የሚደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔም የማስረዳዎትን ከቀኑ ልጀምር፤ ስለ ሕክምናውና ስለ ወጪው ቆይተን እንነጋገራለን።

«ሥራ ማጣት እውነት ያሳምማል?» ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ያሳምማል። ከ200 በላይ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። በዚያ መሠረት፣ ሥራ ካላቸው ሰዎች የአእምሮ ጤና ችግር የታየባቸው 16 በመቶ ያህሉ ናቸው። ሥራ ካጡት ግን 34 በመቶ። ሥራው ሲገኝ ደግሞ ብዙዎቹ እየተሻላቸው ይሄዳል። ይህን የምነግርዎ ለማስፈራራት አይደለም። የሚሰማዎትን ድካምና መከፋት ስንፍና ነው ብለው ራስዎን እንዳይወቅሱ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ከ90 ዓመት በፊት የሆነ ታሪክ ይረዳናል። በኦስትሪያ፣ ከቪየና ብዙ ሳይርቅ፣ ማሪየንታል የሚባል የፋብሪካ መንደር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲዘጋ መንደሩ እንዳለ ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሄደው የሰዉን ኑሮ አጠኑ፤ መጽሐፋቸውም በ1933 ወጣ። ያዩት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሰዉ ጊዜ ተርፎታል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚዋሰው መጽሐፍ ግን ወደ ግማሽ ወረደ። ተመራማሪዎቹ መንገድ ዳር ቆመው የሰዉን አካሄድ ሳይቀር መዘገቡ። ወንዶቹ ቀስ እያሉ፣ በየመሐሉ እየቆሙ ይሄዱ ነበር። ሴቶቹ ይፈጥናሉ። ለምን? ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ሥራ ስላላለቀ ነው።

ያሆዳ ከዓመታት በኋላ ይህን ስታብራራ፣ ሥራ ከደመወዝ ሌላ አምስት ነገር ይሰጣል አለች። ቀንን በሰዓት ይከፍላል። ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ያገናኛል። ከሌሎች ጋር አንድ ዓላማ ያስይዛል። «ምን ትሠራለህ?» ሲባል መልስ ይሰጣል። እጅና እግርንም ያንቀሳቅሳል። ደመወዙን ዛሬ መተካት አይቻል ይሆናል። ከአምስቱ ብዙዎቹን ግን በትንሽ በትንሹ መተካት ይቻላል፤ ወጪውም አነስተኛ ነው።

እንዴት? የመነሻ ሰዓት ይወስኑ፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ቅዳሜና እሑድም ያው ይሁን። ይታጠቡ፣ ልብስ ይቀይሩ፣ ከ3 ሰዓት በፊት ከቤት ይውጡ። ሥራ ፍለጋውን እስከ ምሳ ድረስ ብቻ ያድርጉት። ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ ሲያነብ የሚውል ሰው ሲመሽ ከድካም በቀር የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ከሰዓት በኋላውን ለሌላ ነገር ይተዉት፦ ለትምህርት፣ ለቤት ሥራ፣ የጎረቤት ልጅ ለማስጠናት፣ የዕድሩን ድንኳን ለመትከል። ሰው «እገሌ ይምጣልን» ብሎ የሚጠራዎ አንድ ቦታ ይኑርዎ።

እንቅስቃሴስ? ለጂም መክፈል አያስፈልግዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። መካከለኛ ማለት እየሄዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎ ዓይነት ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ ይህን ከሥራ ፍለጋው ጋር ማጣመር ይችላሉ። አራት ኪሎ ጋዜጣና የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነቡ ቆይተው በእግር ይመለሱ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ለቃለ መጠይቅ የሚሄዱ ከሆነ ሲሄዱ በታክሲ፣ ሲመለሱ በእግር ያድርጉት። ላብና አቧራ ይዞ ቀጣሪ ፊት መቅረብ አይመችም።

የታክሲ ነገር ከተነሳ፣ ለወላጆችና ለታላላቆች አንድ ነገር ልንገር። አዲስ አበባ ውስጥ ዳር ዳር የሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ማስታወቂያው የሚለጠፈው መሐል ከተማ ነው፤ እነሱ ደግሞ ርቀዋል። የመጓጓዣ ገንዘብ የተሰጣቸው ፍለጋቸውን አጠናከሩ፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ጨመረ። ስለዚህ ለልጅዎ የሚሰጡት የታክሲ ብር «የሚባክን» አይደለም። ሥራ ፍለጋም ከቤት መውጣትም በእሱ ነው የሚገኘው።

እንቅልፍን የሚያበላሹት ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የቀን መኝታ፣ የሌሊት ስልክና ጫት። ጫት ለጊዜው ያነቃቃል። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሌሊቱን ያስነጋል። ጠዋት የሚሰማው ድብርት ደግሞ ሰውየውን ዞሮ ወደ ጫቱ ይመልሰዋል። ስለ ሒሳቡም እናውራ። በቀን 100 ብር ለጫት፣ ለሲጋራና ለውርርድ የሚያወጣ ሰው በወር 3,000 ብር፣ በዓመት 36,500 ብር ያወጣል። ውርርዱን ለይቼ ብናገር ደስ ይለኛል። ሥራ ያጣ ሰው ውርርድ ቤት የሚገባው «አንድ ቀን ይሳካል» ብሎ ነው፤ ያን ተስፋ የሚፈጥርበት ደግሞ ችግሩ ነው። ለማቆም ከከበደዎ ብቻዎን አይታገሉ፤ ገንዘቡን ለሚያምኑት ሰው ያስይዙና በቀን የሚያስፈልግዎትን ብቻ ይቀበሉ።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ሥራ ያጣ ሰው ምሳው ብዙ ጊዜ ሻይ በዳቦ ነው። ሆድ ይይዛል፤ ግን ስኳርና ነጭ ዱቄት ብቻ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያስርባል። በዚያው ገንዘብ ወይም ትንሽ ጨምሮ የተሻለ መብላት ይቻላል። ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ የፕሮቲን ምንጭ ናቸው። ፕሮቲን ማለት ሰውነትን የሚገነባውና የሚጠግነው የምግብ ክፍል ነው። ከእንጀራ ጋር ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጎመን ይጨምሩበት። ለመንገድ የገብስና የሽምብራ ቆሎ በኪስ ይያዙ፤ ለጠዋት በሶ በጥብጠው ይጠጡ።

ተከራይተው ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ለአንድ ሰው ማብሰል ውድ ነው። ከሰሉም ጋዙም ለአንድ ድስት ያው ነው። ሦስት ጓደኛሞች ተራ ገብተው ቢያበስሉ የማገዶው ወጪ ለሦስት ይከፈላል። አትክልቱን ከእሁድ ገበያ፣ ዘይትና ዱቄቱን ከሸማቾች ማኅበር ሱቅ ለመግዛት ይሞክሩ።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ይመጣል። አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት እቤት ተቀመጠ። እናቱ ምሳውን በሰሃን ከድነው ያስቀምጡለታል። እሱ ግን ሁሉም በልቶ እስኪነሳ ድረስ ሰፈር ይዞራል፤ ሲመለስ «በልቻለሁ እማዬ» ይላል። ሰሃኑ እንደተከደነ ያድራል። ልጁ የሚርበው ምግብ ጠፍቶ አልነበረም፤ ሳይሠሩ መብላት አሳፍሮት ነበር። ቤትዎ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ አንድ ነገር ላስቸግርዎ፦ «ሥራ አገኘህ?» የሚለውን የማታ ጥያቄ ይተዉት። ያገኘ ቀን ራሱ ሮጦ ይነግርዎታል። በምትኩ «ና አብረን እንብላ» ይበሉት፤ ሲበላም ስለ ሌላ ነገር ያውሩት።

አሁን ዋናው ወጪ፦ ሕክምና። ከሥራ ጋር የመሥሪያ ቤቱ የሕክምና ሽፋን አብሮ ይሄዳል። ምን ቀረ? ለመደበኛ ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የተዘጋጀ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ነገሩን ለመረዳት ዕድርን ያስቡ። በዕድር ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ይረዳበታል። በጤና መድንም ሁሉም በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ የታመመው ይታከምበታል።

በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ያኔ መዋጮው ለአንድ የገጠር ቤተሰብ በዓመት ከ200 ብር በታች ነበር። ዛሬ ከዚያ በብዙ ጨምሯል፤ እንደየአካባቢውና እንደ ቤተሰቡ ሁኔታም ይለያያል። ትክክለኛውን ዋጋ ወረዳዎ ወይም ቀበሌዎ ያለው የጤና መድን ክፍል ይነግርዎታል። ክፍያው ለዓመት ስለሆነ ብዙ ይመስላል። ለ12 ወር አካፍለው ይዩትና ከአንድ የግል ክሊኒክ ጉብኝት ጋር ያወዳድሩት።

ምን ይሸፍናል? ውል በተገባባቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚደረግ የተመላላሽና የአልጋ ሕክምና፣ ምርመራና መድኃኒት። ምን አይሸፍንም? ውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የመሳሰለውን። አካሄዱስ? መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ሪፈር ይጽፋል፤ ማለትም ወደ ሆስፒታል ያስተላልፋል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ከኪስዎ መክፈል ሊኖርብዎ ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ይኼ ነው፦ አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን በመሠረታዊው መዋጮ የሚካተቱት ወላጆችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ተመርቆ እቤት የተቀመጠው የ24 ዓመት ልጅ «በአባቴ ካርድ እታከማለሁ» ብሎ ሄዶ ስሙን ያጣዋል። ለእሱ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎ መመዝገብ አለበት። ሌላው ስሕተት እስኪታመሙ መጠበቅ ነው። ምዝገባውም እድሳቱም ወቅት አለው፤ ካርዱም በተመዘገቡበት ዕለት ላይሠራ ይችላል። ዛሬ ሳይታመሙ ሄደው «መቼ ነው የምትመዘግቡት? ከስንት ቀን በኋላ ነው የምታከመው?» ብለው ይጠይቁ። ጨርሶ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ደግሞ በአካባቢው ኮሚቴ ሲመረጥ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ስምዎ እንዲታይ ራስዎ ማመልከት እንጂ መጠበቅ አይበጅም።

ካርድ ባይኖርዎትም እንኳ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። የቲቢ ምርመራና ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ካለብዎ «ገንዘብ የለኝም» ብለው አይቀመጡ። የደም ግፊትዎን ለመለካትም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይጠይቋት።

የጤና መድኑ መመዝገቢያ ብር ከየት ይምጣ? ከሥራ የተሰናበቱ ከሆነ መጀመሪያ የሚገባዎትን ይቀበሉ። አገራችን ውስጥ ለሥራ አጥ በየወሩ የሚከፈል የመንግሥት ድጎማ የለም። የሥራ ስንብት ክፍያ ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተደንግጓል። ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም ሠራተኛ በመቀነሱ ወጥተዋል እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በዚህ ዓይነት ስንብት ላይ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ተጨማሪ አለ።

በቁጥር እንየው። ደመወዝዎ 6,000 ብር፣ አገልግሎትዎ 4 ዓመት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር። ለቀሩት ሦስት ዓመታት በዓመት 2,000፣ ማለትም 6,000 ብር። የ60 ቀኑ 12,000 ብር። በድምሩ 24,000 ብር፤ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ካለ ለብቻው ይታሰባል። ብሩ እጅዎ ሲገባ፣ ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የጤና መድኑን ይክፈሉ የምለው ከልቤ ነው። ቆይቶ ሲያልቅ መዋጮው ከባድ ይሆናል።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነስ? ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሰው የመጋዘን ሥራቸውን ካጡ በኋላ የደም ግፊት ክኒናቸውን በቢላ ለሁለት እየከፈሉ መዋጥ ጀመሩ። «አንዱ ወር ሁለት ወር ይሆንልኛል» ይሉ ነበር። ግፊት ብዙ ጊዜ አያሳምምም፤ ስለዚህ ደህና የሆኑ መሰላቸው። አንድ ቀን ጠዋት ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ስትሮክ ነበር፤ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሲቋረጥ ወይም ሲፈስ የሚመጣ ጉዳት። ክኒኑን ለሁለት ከመክፈልዎ በፊት ሐኪሙን «ከዚህ የሚረክስ አለ?» ብለው ይጠይቁት። እንደ አምሎዲፒን (ለደም ግፊት) እና ሜትፎርሚን (ለስኳር ሕመም) ያሉ መድኃኒቶች በንጥረ ነገር ስማቸው ሲታዘዙ በብዙ ፋብሪካዎች ስለሚመረቱ ዝቅ ያለ ዋጋ ያለውን መምረጥ ይቻላል። በንግድ ስም ብቻ ከተጻፈልዎ «በዋናው ስሙ ይጻፉልኝ» ይበሉ። ከዚያ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል፣ በከነማና በቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ዋጋ ያወዳድሩ።

ስለ ልብ ሕመምና ስለ ግፊት ማውራት ቀላል ነው። የአእምሮውን ነገር ግን ሰው ይደብቀዋል። መከፋት ያለ ነው። ነገር ግን ለሁለት ሳምንት በተከታታይ ምንም ነገር ደስ አላሰኝ ካለዎ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ «እኔ ለምንም አልሆንም» የሚል ሐሳብ አልለቅ ካለዎ፣ ይህ ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ይታከማል። በቀጥታ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ የለብዎትም፤ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ አላቸው። ሕክምናው በንግግር፣ በመድኃኒት ወይም በሁለቱም ነው። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ይጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ። መሞትን እያሰቡ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። አሁኑኑ ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ብቻዎን አይደሩ፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አምቡላንስ በ907 ወይም በ939 ይጠራል።

«ሁልጊዜ እምቢ እየተባልኩ እንዴት ልበረታ?» ለዚህ የተሞከረ መንገድ አለ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ያጡ ሰዎችን በቡድን እየሰበሰቡ አሠለጠኑ፤ በኋላ ፊንላንድም ወሰደችው። ሥልጠናው ስለ ማመልከቻ ብቻ አልነበረም። እምቢ ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸውና ቀጥለው ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይለማመዱ ነበር። የሠለጠኑት ፈጥነው ሥራ አገኙ፤ የድባቴ ምልክታቸውም ቀነሰ። ይህን ከሁለት ጓደኞችዎ ጋር ያለ ብር ማድረግ ይችላሉ። አንዱ ቀጣሪ ይሁን፤ «ልምድ ሳይኖርህ ለምን እንቀጥርሃለን?» ብሎ ጠንከር አድርጎ ይጠይቅ። ሌላው ይመልስ። ሦስተኛው የታየውን ይናገር። በመጨረሻ ቀጣሪው «አልተሳካም» ይበልና፣ መላሹ በማግሥቱ የት እንደሚያመለክት ጮክ ብሎ ይናገር። መጀመሪያ ያስቃል። በሦስተኛው ዙር ግን ድምፅ መንቀጥቀጡን ያቆማል።

የተገኘው ሥራስ ሁሉ ለጤና ይበጃል? ሁልጊዜ አይደለም። አገራችን ውስጥ ተመራማሪዎች የፋብሪካ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፍለው፣ ከፊሉ ሥራውን እንዲያገኝ አድርገው ተከታትለው ነበር። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ፤ ለአቧራ፣ ለኬሚካልና ለመሳሰለው አደጋ መጋለጣቸውና የጤና ችግራቸው ከሌሎቹ ብሶ ተገኘ። ስለዚህ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት አፍና አፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ማን እንደሚያቀርብ፣ ሥራ ላይ ቢጎዱ ማን እንደሚያሳክምዎ ይጠይቁ። የሙከራ ጊዜ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ የጤና መድን ካርድዎ የሚታደስበት ጊዜ ከደረሰ ሳያልፍብዎ ያሳድሱት።